የገበሬው ስም ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ጠበቃው ማነው?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሚገኙት በጎዛምን፣ በማቻከል፣ በስናን፣ በአዋበልና በባሶ ሊበን ወረዳዎች የሚኖር አንድ ገበሬ ስሙ በስንት መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ቢጠየቅ፣ ቀደም ባለው ጊዜ መልሱ አጭር ነበር። የግብር መዝገብ፣ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብና የዕድሩ መዝገብ ቢል ይበቃው ነበር። መዝገቡ የት እንደተቀመጠ ያውቃል፤ ጸሐፊውን በስም ያውቀዋል፤ ስሕተት ቢያገኝ በማግሥቱ ሄዶ ይሟገታል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የመሬት ይዞታው ከወረቀት ደብተር ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ነው። የማዳበሪያ ፍላጎቱ በስም ዝርዝር ተይዞ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ላይ ይተላለፋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በሚባለው አገልግሎት ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ይከፈላልም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ደግሞ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ሲሰጥ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ተነሥቶ እያንዳንዱ ሰው አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ያገኛል። እነዚህ መዝገቦች የሚቀመጡት ገበሬው አይቷቸው በማያውቃቸው ቦታዎች ነው። ጸሐፊውም በስም የሚታወቅ የመንደር ሰው አይደለም።

መዝገቡ መለወጡ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የወረቀት ደብተር ይቃጠላል፤ በዝናብ ይበሰብሳል፤ በጉቦ ይሰረዛል። ቁም ነገሩ ግን አዲሱ መዝገብ ሲሳሳት፣ ሲሰረቅ ወይም ላልታሰበ ዓላማ ሲውል ስለገበሬው የሚናገር ማነው የሚለው ነው። በሌሎች ሀገሮች ይህን ተግባር የሚያከናውኑ የዲጂታል መብት ተሟጋች ማኅበራት አሉ። ለመሆኑ እንደ እኛ ባለ፣ በሕዝብ ብዛት ትልቅ ሆኖ በኢንተርኔት ተጠቃሚ ግን ገና ትንሽ በሆነ ሀገር የራስ ተሟጋች ማኅበር ያስፈልጋልን? ወይስ የውጭዎቹ ይበቃሉ? ይህ ሐተታ የሚመረምረው ይህን ጥያቄ ነው።

ዲጂታል መብት ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። በገበያ ላይ ሚዛን ሲቀመጥ ሚዛኑን የሚያነበው ገዢው ነጋዴ ብቻ ከሆነ እህል ያመጣው ሰው እምነት አይኖረውም። ስለዚህ የራሱን ሰው ያቆማል፤ ወይም ሚዛኑ በሦስተኛ ሰው እንዲታይ ይጠይቃል። ዲጂታል መብትም በስልክ፣ በኢንተርኔትና በኮምፒዩተር መዝገብ በኩል በሚደረገው ነገር ሁሉ ሚዛኑን አብሮ የማየት መብት ነው።

መብቱ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው፣ የመገናኛ መስመሩ ያለ ሕግና ያለ በቂ ምክንያት እንዳይቋረጥ ነው። ሁለተኛው፣ የተመዘገበው የግል ጉዳይ እንዲጠበቅ፣ ባለቤቱ እንዲያየውና ስሕተቱን እንዲያሳርም ነው። ሦስተኛው፣ ሰው በዚሁ መስመር ሐሳቡን ያለ ፍርሃት እንዲገልጽ፣ በሐሰት ወሬም ሕይወቱና ንብረቱ እንዳይጠፋ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ የመደራጀት መብትን ይሰጣል። መሠረቱ ስለዚህ አለ። የሚጎድለው መሠረቱ ላይ ቆሞ የሚሟገተው ነው።

የጎጃም ገበሬና መዝገብ

የጎጃም ገበሬ በመዝገብ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ልምድ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጠቅላይ ግዛቱ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የነበረው ገበሬ ገማቾችን አናስገባም ብሎ ተነሣ። ገበሬው የተነሣው ግብሩ ስለከበደው ብቻ አልነበረም። ግምቱ መሬቱን ለመለካት፣ ልኬቱም ርስቱን ለመንጠቅ የመጀመሪያ እርምጃ ነው ብሎ ስላመነ ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ገበሬው ስለ መዝገቡ የሚያስረዳውና ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያቀርብለት አካል ቢኖረው ኖሮ፣ ነገሩ ጠመንጃ ከማንሣት በፊት በንግግር ሊያልቅ በተቻለም ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ለዛሬዎቹ መሪዎች የበለጠ ይቀርባል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ በቀድሞው መንግሥት ዘመን የገበሬ ማኅበር መሪ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» በሚል ምድብ ተለይተው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ልብ ይባል። እነዚያ ሰዎች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ማኅበር አቋቁሙ ተብለው የተመረጡና ከዚያም በኋላ የተተኩ ናቸው። አንዱ ዘመን ለአገልግሎት የጻፈው ስም፣ ሌላው ዘመን ለመቀነሻ ተጠቀመበት። ዝርዝር ማለት እንዲህ ነው። ሲጻፍ አንድ ዓላማ አለው፤ ተቀምጦ ሲቆይ ሌላ ዓላማ ያገኛል። የወረቀቱ ዝርዝር በአንድ ወረዳ ብቻ ይገኝ ነበር። የኮምፒዩተሩ ግን ባንድ ጊዜ በሀገሪቱ በሙሉ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው ትምህርት መልካም ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር በስዊድን እርዳታ ለሙከራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ እዚሁ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው የአዲስና ጉሊት ቀበሌ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ በየቀበሌው ገበሬው ራሱ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ መረጠ። ማሳው ሲለይ ድንበርተኞች ተገኙ። የተመዘገበው ለሕዝብ ተነቦ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ዕድል ተሰጠ። በደብተሩም ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ምዝገባው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ቢሆንም በ1960 ዓ.ም. መሣሪያ ያስነሣው የመዝገብ ጉዳይ፣ በ1990ዎቹ ገበሬው ተሰልፎ የሚጠብቀው ጉዳይ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የራሱ ሰው ከመዝገቡ አጠገብ መቆሙ ነው።

እንግዲህ ደብተሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ያ ኮሚቴ የት ሄደ? ጥያቄው ይህ ነው። የዲጂታል መብት ተሟጋች ማኅበር ማለት ሌላ ምንም ሳይሆን፣ ለኮምፒዩተሩ መዝገብ የተመረጠ ኮሚቴ ማለት ነው።

መስመሩ ሲዘጋ

ስለ መብቱ የመጀመሪያ ክፍል ስንነሣ ሀገራችን ያለፈችበትን ማስታወስ ይገባል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በሀገር አቀፍ ደረጃ ተቋረጠ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ የተቋረጠው የመገናኛ አገልግሎት ከሁለት ዓመት በላይ ሳይመለስ ቆየ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ አብዛኛው ክፍል ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር።

መንግሥት ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የጸጥታ ጉዳይ ነው። ጸጥታ ደግሞ ለገበሬው ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ በጦር መካከል የሚታረስ ማሳ የለምና። ነገር ግን መስመሩ ሲዘጋ ከሚጎዱት መካከል ምንም ያላጠፋው ይበዛል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከዩኒየኑ ጋር በኢንተርኔት ደብዳቤ መላላክ አይችልም። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የገበሬው ልጅ ጥናቱ ይስተጓጎላል። ዘመድ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ ሀገር ያለው ቤተሰብ ወሬ ያጣል። የተጣራ ወሬ ሲጠፋ የሚተካው ጸጥታ ሳይሆን አሉባልታ ነው።

ተሟጋች ማኅበር እዚህ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው። ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? ለስንት ቀን? የት የት ቦታ? ጉዳቱስ ከጥቅሙ ጋር ተመዝኗልን? ገበሬው መንገድ ሲዘጋበት እነዚህን ጥያቄዎች ለወረዳው ያቀርባል። የስልክና የኢንተርኔቱ መስመርም ዛሬ መንገድ ነው።

የውጭዎቹ ማኅበራት ምን ይሠራሉ?

በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ የታወቁ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው እ.ኤ.አ. በ1990 ተቋቁሟል። አክሰስ ናው የተባለው እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሥርቶ ከ2016 ጀምሮ የኢንተርኔት መዘጋትን የሚቃወም ዓለም አቀፍ ዘመቻ ይመራል፤ በሀገራችን የተደረጉትንም መዘጋቶች በየዓመቱ ይመዘግባል። እነዚህ ድርጅቶች ጠቃሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቶጎ መንግሥት ኢንተርኔት በመዝጋቱ የሀገሩ ማኅበራት ለምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት አቤት ሲሉ አክሰስ ናው አግዟቸዋል። ፍርድ ቤቱም በሰኔ ወር 2020 መዘጋቱ ሕገ ወጥ ነበር ሲል ወስኗል።

ነገር ግን በቶጎው ጉዳይ ከሳሾቹ እነማን እንደነበሩ መገንዘብ ያስፈልጋል። ከሳሾቹ ቶጎአውያን ናቸው። የውጭው ድርጅት ረዳት እንጂ ባለጉዳይ አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ባለቤት የሌለው ጉዳይ ረዳት ቢበዛለትም አይቆምም።

የራሳችን ምሳሌም አለ። እሱም አሳዛኝ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ከቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከግድያው በፊት ፌስቡክ ላይ አባቱን በሐሰት የሚወነጅሉና ለጥቃት የሚያጋልጡ ጽሑፎች ወጥተው እንደነበር፣ እንዲነሡ ቢያመለክትም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኘ ገልጾ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ክሱ የቀረበው ግን በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በናይሮቢ ነው። ከእሱ ጋር ሌላው ኢትዮጵያዊ ፍሥሐ ተክሌና ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለው የኬንያ የሕግ ተቋም ከሳሽ ሆኑ። ፎክስግላቭ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅትም ረዳቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል።

ናይሮቢ የተመረጠው የአካባቢውን ጽሑፎች የሚመረምሩት ሠራተኞች በዚያ ስለነበሩ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በኬንያ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይዞ መሟገት የለመደ ተቋም ነበር። የባሕር ዳር ደም በናይሮቢ የተሟገተለት ፍትሕ ከዚያ ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ ነገረ ፈጁ በዚያ ተዘጋጅቶ ስለቆየ ነው። ጎረቤት መልካም ነው። ዘወትር በጎረቤት በሬ ማረስ ግን አይቻልም። ጎረቤትም የራሱ ማሳ አለውና፣ በሬው የሚገኘው የእሱ ካበቃ በኋላ ነው።

ትናንሽ ሀገሮች ምን አደረጉ?

አየርላንድ በሕዝብ ብዛት ከአንድ የሀገራችን ክልል የምታንስ፣ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርባት ሀገር ናት። በዚህች ሀገር እ.ኤ.አ. በ2005 ዲጂታል ራይትስ አየርላንድ የተባለ ማኅበር በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት የስልክ ኩባንያዎች የእያንዳንዱን ሰው የጥሪ መዝገብ፣ ማለትም ማን ለማን፣ መቼና ከየት እንደደወለ እስከ ሁለት ዓመት እንዲያስቀምጡ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ትንሹ ማኅበር በሀገሩ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ጉዳዩ ወደ ኅብረቱ ፍርድ ቤት ተመርቶ ከኦስትሪያ ከመጣ ተመሳሳይ ክስ ጋር ታየ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው። አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሀገር ማኅበር ለአምስት መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ፍርድ አስገኘ ማለት ነው። ትንሽ ነን፣ ትልልቆቹ ይሟገቱልን ብለው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ኬንያ ሁዱማ ናምባ የተባለውን የመታወቂያ ምዝገባ ስትጀምር የኑቢያውያን ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ኑቢያውያን በኬንያ በቁጥር ጥቂት ሲሆኑ ቀድሞም መታወቂያ ለማግኘት ይቸገሩ ነበር። አዲሱ ምዝገባ ያለ ወረቀት ቀርተው የነበሩትን ጭራሽ እንዳያስቀራቸው ሰጉ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ምዝገባው በቂ የሕግ ጥበቃ ሲኖር ብቻ እንዲቀጥል ወሰነ፤ የዘር ቅንጣትና የመኖሪያ ቦታ ልኬት መሰብሰብንም ከለከለ። መታወቂያ በጠቅላላው አልተከለከለም። የተከለከለው ያለ አጥር መሥራት ነው።

ከህንድ የምናገኘው ትምህርት ደግሞ ለገጠሩ የተለየ ትርጉም አለው። አድሃር የተባለው የህንድ መታወቂያ በጣት አሻራ ራሽን ማደያ ሲሆን፣ በእርሻና በጉልበት ሥራ አሻራቸው የተፋቀ ድሆች መሣሪያው አላውቃችሁም እያለ እህላቸውን ያጡበት ጊዜ ነበር። ይህን ጉዳት እየመዘገቡ ያቀረቡት የሀገሩ የምግብ መብት ተሟጋቾች ናቸው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 መታወቂያው እንዲቀጥል ፈቅዶ፣ በመሣሪያው አለመለየት ምክንያት ማንም የሚገባውን እርዳታ እንዳይነፈግ አዘዘ። በእርፍና በማጭድ የደነደነ የጎጃም ገበሬ ጣት ከህንዱ አይለይም። መሣሪያው ባያነበው ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የሱዳኑ ታሪክ በአጭሩ ሲነገር ያስቃል፤ ትምህርቱ ግን ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሱዳን ኢንተርኔት ሲዘጋ አንድ ጠበቃ የስልክ ኩባንያውን ከሶ ረታ። ሆኖም የከሰሰው በግሉ ስለነበር ኢንተርኔቱ የተከፈተው ለእሱ ብቻ ሆነ። ለሌላውም እንዲከፈት እንደገና ፍርድ ቤት መመለስ ነበረበት። ለብቻው የሚሟገት ለብቻው ይረታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ እንጂ ዲጂታል መብት አላነሰውም ይላሉ። ማዳበሪያ የሚቀድም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የማዳበሪያው ዝርዝር፣ የመሬቱ ደብተርና የባንክ ሒሳቡ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየገቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ አስፈላጊ እንዲሆን ብሔራዊ ባንክ አዟል፤ ወደ ሌላውም የሀገሪቱ ክፍል እንዲደርስ ዕቅድ ወጥቶለት ነበር። ስልክ የሌለው ገበሬ ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ አለ። እንዲያውም ስልክ የሌለው ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ጠበቃ አብልጦ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሌሎች ደግሞ የመንግሥት ተቋማት አሉ፤ ማኅበር ለምን? ይላሉ። በእርግጥ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ማንኛውም ሰው ስለ እሱ የተመዘገበውን የማወቅ፣ የማየት፣ የማሳረምና ቅሬታ የማቅረብ መብት ሰጥቷል። አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ ቅሬታ ሲቀርብለት እንጂ ሳይቀርብለት ከስናን ተራራ ግርጌ ያለውን ገበሬ ችግር በምን ያውቃል? ዳኛ ቢኖርም ከሳሽ ከሌለ ችሎት አይቆምም። ከዚህም በላይ መዝገቡን ከሚይዙት ዋናዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለሆኑ፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት ብቻ ከሆነ ሚዛኑን የሚያነበው አንድ ወገን ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ይህኛው እውነትነት አለው። ጠበቃና የኮምፒዩተር ባለሙያ ውድ ነው። በውጭ ገንዘብ የሚቆም ማኅበር የውጭ ሰው አጀንዳ ይዟል ተብሎ ይጠረጠራል፤ የገንዘቡ ምንጭ ሲደርቅም ይፈርሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ማኅበሩን መተው ሳይሆን፣ ሥሩን ከአባላት መዋጮና ከአሉት ማኅበራት ጋር ማያያዝ ነው።

በሀገራችን ያለው ሁኔታ

ሀገራችን ከባዶ አትነሣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ በመወሰኑ ብዙዎቹ ተዳክመው ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩት የዞን ዘጠኝ ጸሐፍት ሲታሰሩ ድምፃቸውን በብርቱ ያሰሙት በአብዛኛው የውጭ ድርጅቶች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ ገደቡ ሲነሣ አዳዲስ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ፣ ከዞን ዘጠኝ ጸሐፍት አንዱ በነበረው በበፍቃዱ ኃይሉ የተመራው የመብቶችና ዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከል ሲሆን፣ ካርድ በሚል አጭር ስሙ ይታወቃል፤ በዲጂታል መብት ላይም ይሠራል።

ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ከሌሎች የመብት ማኅበራት ጋር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ታግዶ፣ እገዳው ከወራት በኋላ ተነሥቷል። እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ማኅበር አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። በመዲናይቱ የሚገኙ አንድ ሁለት ማኅበራት ብቻ ከተያዙ አንድ ደብዳቤ ሥራቸውን ሊያቆመው እንደሚችል ነው። አንድ ምሰሶ ያለው ጎጆ ምሰሶው ሲነቀነቅ ይናወጣል። ብዙ ምሰሶ ያስፈልጋል፤ ምሰሶዎቹም በገጠር መተከል አለባቸው።

የማኅበራት መሪዎች ድርሻ

ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን አዎን፣ ያስፈልጋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው በትልቅ ከተማ ትልቅ ቢሮ ያለው፣ በውጭ ቋንቋ ዘገባ የሚጽፍ ማኅበር ብቻ አይደለም። በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች የሚናገር፣ የወረዳ ፍርድ ቤት በር የሚያውቅ፣ የማዳበሪያ ዝርዝርና የመሬት ደብተር ምን እንደሆነ የሚረዳ መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች መጠበቅ የለባቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የአባላቱን የጋራ ወይም የግል ጥቅም የሚወክል ማኅበር በአባላቱ ስም ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ማለት አሁን በእጃችሁ ያለው ማኅበር ራሱ ግማሽ ተሟጋች ነው ማለት ነው።

በተግባር ሊሠሩ ከሚችሉት ጥቂቶቹን እንጠቁም።

አንደኛ፣ ማንኛውም መዝጋቢ ወደ ቀበሌ ሲመጣ መሪው በሕዝብ ፊት አምስት ጥያቄ ይጠይቅ። የምትመዘግቡት ለምንድን ነው? የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ስሕተት ቢገኝ የት ይታረማል? መሣሪያው ያላነበው ሰው ምን ይደረግለታል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የመሬት ደብተሩ ወደ ኮምፒዩተር በገባበት ቀበሌ የገባው ነገር ታትሞ እንደ ቀድሞው ለሕዝብ እንዲነበብ ይጠየቅ። ባል የሞተባት ሴት፣ በውርስ የተካፈሉ ወንድማማቾችና መሬት ያከራየ ሽማግሌ ስማቸውን በጆሯቸው ይስሙ። በኮምፒዩተር ስሕተት መሬቱን ያጣ ገበሬ ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ ስሕተቱ እንደ እውነት ሥር ይሰዳል።

ሦስተኛ፣ የስልክ ወይም የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ ቀኑ፣ ቦታውና የደረሰው ጉዳት በማኅበሩ መዝገብ ይያዝ። ያልተጸጻፈ ጉዳት ካሣም ፍርድም አያገኝም። በህንድ ተሟጋቾቹ ጉዳቱን እየመዘገቡ እንዳቀረቡ አንርሳ።

አራተኛ፣ የምሥጢር ቁጥሩን በቅንነት ለሌላ ሰው የሚሰጥ ገበሬ ብዙ ነው። የቴሌብር ቁልፍ ማለት የጎተራ ቁልፍ መሆኑን በየስብሰባው ማስተማር ያሻል። ማንበብ ለማይችሉት የማኅበሩ ጸሐፊ ወይም የገዛ ልጃቸው ታማኝ ረዳት እንዲሆን ስምምነት ይደረግ።

አምስተኛ፣ የዞኑ ማኅበራት በወንፈል እንደሚያርሱ ሁሉ በዚህም ይተባበሩ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት የሚሰጥ በመሆኑ ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ የነጻ ምክር ቀን ማዘጋጀት ይቻላል። ጥቂት ወረዳዎች ተባብረው አንድ ጠበቃና አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ቢይዙ፣ በአዲስ አበባ ላሉት ማኅበራት እግር ይሆኑላቸዋል፤ እነዚያም ለገጠሩ አፍ ይሆኑለታል።

በዚህ ሥራ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ተሟጋች ማኅበር የፓርቲ መሣሪያ እንዳይሆን ነው። ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ወገን ስሕተት እኩል ካልተናገረ በገበሬው ዘንድ አመኔታ ያጣል፤ ለመታገድም ምክንያት ይሰጣል። በመስመር ላይ የሚዘራውን የጥላቻ ወሬ ከየትም ይምጣ ከየት መቃወምም የሥራው ክፍል ነው። ያለዚያ የፕሮፌሰር መዓረግን ዓይነት ሞት እየቆጠሩ መኖር ይሆናል።

የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. መዝገቡን በጦር መሣሪያ ለማስቆም ሞከረ። በ1989 ዓ.ም. በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ መሬቱ ተቀነሰበት። በ1990ዎቹ ግን የራሱን ኮሚቴ መርጦ ከመዝገቡ አጠገብ ቆመ። ከሦስቱ መንገዶች ገበሬውን ያተረፈው የመጨረሻው ነው። አሁን መዝገቡ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ወደማይታይ ቦታ ሄዷል። ኮሚቴው ተከትሎት መሄድ አለበት። መዝጋቢው በሚቀጥለው ሳምንት በቀበሌያችሁ ቢደርስ፣ አምስቱን ጥያቄ ቀድሞ የሚጠይቀው ማን እንደሚሆን ዛሬ በስብሰባ ወስኑ።